የኰረብታው ፊትና የግጦሽ ሣር

በአንድ ኰረብታ ላይ በአንድ ቀን የተዘራ ሣር በአንደኛው ፊት በጋውን አልፎ ሲያቆጠቁጥ፥ በሌላው ፊት ከነሥሩ ደርቆ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚታማው ዘሩ ነው። ዘሩን ከመውቀሳችን በፊት ግን ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚወርድ መመልከት ይገባናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአገራችን ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ትሄዳለች፤ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማም ከሁሉ ይልቅ ታዘነብላለች። በዚያ ቀን ቀትር ላይ በአዲስ አበባ አካባቢ፥ 100 ሜትር ሲኬድ 30 ሜትር ከፍ በሚል ተዳፋት፥ የሰሜኑ ፊት በቀጥታ የሚያገኘው የፀሐይ ጨረር የደቡቡ ፊት ከሚያገኘው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጋው የሚጸናው በደቡቡ ፊት ነው። ምሥራቁ ፀሐይን የሚያገኘው በጠዋቱ ቅዝቃዜ፥ ምዕራቡ ግን አየሩ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ፥ ምዕራቡ ቶሎ ይደርቃል።

ጠዋት ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙራችሁ ብትቆሙ ቀኛችሁ ደቡብ፥ ግራችሁ ሰሜን ነው። በጥር ወር በሁሉም ፊት አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን በመዳፋችሁ ጨብጡት። ተጣብቆ ከቆየ እርጥበት አለው፤ እንደ ዱቄት ከተበተነ ሣሩ ተጠምቷል።

ከዚህ በኋላ እንደሚከተለው አድርጉ፦

1ኛ/ በደቡብና በምዕራብ ፊት ክረምቱ እንደገባ ዝሩ። ሥሩ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ካላገኘ በጋውን አይሻገርም። በወይና ደጋ ሮደስ ሣር ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ድርቅን ይችላል።

2ኛ/ በመጀመሪያው ዓመት ከብት አታስገቡበት፤ እያጨዳችሁ አብሉ። ስታጭዱም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት አስቀሩ። ሣር የበጋ ስንቁን የሚያኖረው በአገዳው ግርጌና በሥሩ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ተላጭቶ የተጋጠ ሣር ያለ ስንቅ መንገድ እንደወጣ ሰው ነው።

3ኛ/ የዝናቡ ውሃ እንዲሰርግ እርከኑን ተዳፋቱን አቋርጣችሁ ሥሩ፤ በእርከኑም ላይ ደሾ ሣር ከነሥሩ እየገነጠላችሁ ትከሉ።

4ኛ/ የሰሜንና የምሥራቅ ፊት እርጥበት ይዞ ይቆያል። ነገር ግን በደጋ አገር ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ቁልቁል ስለሚወርድ ውርጭ በግርጌው ይበረታል። ብርቱ ውርጭ ሮደስን ይጐዳዋል፤ እዚያ ፋላሪስ ሣር ይሻላል።

የልማት ሠራተኞችም ዘር ከማደላችሁ በፊት ከገበሬው ጋር ኰረብታውን ዙሩ። ሣር የሞተበት ፊት መኖ ከማሳጣቱ በላይ፥ የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ራቁቱን የቀረው አፈር ተጠርጎ ይሄዳል። ሣር እንደገና ይዘራል፤ የሄደ አፈር ግን አይመለስም።