ትራንዚስተሩ ከገበያ ሲጠፋ ሰርኪዩቱ ይጣላል?

ተመርቀን በምንመደብበት ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ጥግ አቧራ የለበሰ የድምፅ ማጉያ ብናገኝ ምን እናደርጋለን? ስንከፍተው «ኦሲ 71» የሚል የተጻፈባት ጥቁር ትራንዚስተር ትወጣለች እንበል። ከጀርማኒየም የተሠራች የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕቃ ናት፤ መመረቷ ከቆመም ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሱቅ ለሱቅ ብንዞር የምናገኘው የሲሊከን ትራንዚስተር፣ ለምሳሌ ቢሲ 557 ነው።

«ሁለቱም ፒኤንፒ ናቸው፤ ያንን ነቅሎ ይኸን መትከል ነዋ!» የሚል ባልንጀራ አይጠፋም። እሱማ ድምፅ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ጀርማኒየሙ የሚሠራው በቤዝና በኤሚተር መካከል 0.2 ቮልት ያህል ሲያገኝ ነው፤ ሲሊከኑ 0.65 ቮልት ገደማ ይጠይቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ባትሪው 9 ቮልት፣ ቤዙን የሚመግቡት ሁለት ሬዚስተሮች 47 እና 10 ኪሎ ኦም፣ የኤሚተሩ 1 ኪሎ ኦም ይሁኑ። ቤዙ የሚስበውን ጥቂት ከረንት ለጊዜው እንተወውና፣ ቤዙ ላይ 9 × 10 ÷ 57 = 1.58 ቮልት ይገኛል። ከዚህ 0.2 ሲቀነስ ለኤሚተሩ ሬዚስተር 1.38 ቮልት ይተርፋል፤ ይኸውም 1.4 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። በሲሊከኑ ግን 0.65 ሲቀነስ 0.93 ብቻ ይቀራል። ከከረንቱ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው! ታዲያ 47ቱን አንሥተን 33 ኪሎ ኦም ብንተካ፣ 9 × 10 ÷ 43 = 2.09 ይሆናል፤ 0.65 ሲቀነስለት 1.44። ወደ ቀድሞው ተመለስን።

ሁለት ትራንዚስተሮች የድምፁን ሞገድ ግማሽ ግማሹን በሚካፈሉበት የመጨረሻ ክፍል ነገሩ ይብሳል። የቤዙ ቮልቴጅ ለጀርማኒየም የተለካ ስለሆነ ሲሊከኖቹ ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አይነቁም፤ ድምፁን ዝቅ ስናደርገው ይሻክራል። እዚያም የቤዙን ሬዚስተሮች እንደገና ማስላት ግድ ነው።

ሌላው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ቢሲ 557 እስከ ሬዲዮ ሞገድ ድረስ ስለሚያጎላ፣ ለዘገምተኛው ኦሲ 71 በተዘረጋ ሽቦ ላይ በራሱ ማፏጨት ሊጀምር ይችላል። በኮሌክተርና በቤዝ መካከል 22 ፒኮ ፋራድ ገደማ የሆነ ካፓሲተር ቢበየድ ይረጋጋል። እግሮቹንም ሳናጣራ ካውያውን አናንሣ፦ የቢሲ 557ን ጠፍጣፋ ፊት ወደ እኛ፣ እግሮቹን ወደ ታች ስናደርግ ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው። በኦሲ 71 ላይ ቀዩ ነጥብ ያለበት ወገን ኮሌክተር ነው።

የተነቀለችውን አሮጌ ትራንዚስተር ግን አንጣላት። ቀፎዋ ጥቁር ቀለም የተቀባ መስተዋት ነው። ቀለሙን ፍቀን ቴስተር ላይ ብናስራትና ብርሃን ብናሳያት፣ በውስጧ ያለው መሙያ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ ከረንቷ ሲጨምር ተማሪዎቻችን በዓይናቸው ያዩታል።