የመያዣው ሰዓት ይጻፍ!

መብት በሕግ መጽሐፍ መስፈሩ አንድ ነገር ነው፤ በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ መሥራቱ ግን ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፌ ይህንኑ የሚያስተምር አንድ የሕንድ ፍርድ አቀርባለሁ። ሕንድን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ያረቀቁት እንግሊዛዊው ሰር ቻርለስ ማቲው፣ እንግሊዞች በሕንድና በማላያ ከዘረጉት ሕግ ብዙ ወስደዋልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦገስት 1986 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ቤንጋል የሕግ ድጋፍ ድርጅት ይመሩ የነበሩት ዲ. ኬ. ባሱ፣ በፖሊስ እጅ ሳሉ ስለሞቱ ሰዎች ጋዜጣ ላይ ያነበቡትን ጠቅሰው ለአገሪቱ ዋና ዳኛ ደብዳቤ ጻፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ደብዳቤውን እንደ አቤቱታ ተቀብሎ በዲሴምበር 1996 እ.ኤ.አ. 11 ትእዛዞችን ሰጠ። ከእነዚህም መካከል፦ ያዡ ፖሊስ ስሙን በግልጽ ይለጥፍ፤ የተያዘበት ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይስፈር፤ በጽሑፉም ላይ ከቤተሰቡ ወይም ከአካባቢው የተከበሩ ሰዎች አንዱ በምስክርነት፣ ተያዡም ራሱ ይፈርሙ፤ ዘመድ ይነገረው፤ በየ48 ሰዓቱ ሐኪም ይመርምረው የሚሉ ይገኛሉ። ትእዛዙን የጣሰ ፖሊስ ችሎት በመድፈር ጭምር ይጠየቃል።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የተያዘበትም ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ታዲያ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው? ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ገጠር አንድ ገበሬ ማታ ተይዞ፣ መዝገብ ላይ የሰፈረው በማግስቱ ቢሆን፣ 48 ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል? ልጁን ፍለጋ ሶዶ የገባ አባትስ በምን ማስረጃ ይከራከራል? ያልተጻፈ ሰዓት አይቆጠርም። የሕንድ ዳኞች የተረዱት ይህንን ነው።

መንገዱ ለእኛም ዝግ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 454 ከተደነገገበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ አንድ ውሳኔ የሶዶንም ዳኛ ያስራል ማለት ነው።

እስከዚያው ግን ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ የተያዘበት ሰው ሁሉ ሰዓቱን በራሱ ወረቀት ይጻፍ፤ ከአገር ሽማግሌ ወይም ከዕድር ዳኛ አንዱን ያስፈርም፤ ለጠበቃውም ይስጥ። በነገሩ ችሎት ፊት ከጩኸት ይልቅ የምትረዳው ይህች ወረቀት ናትና።