የልጅ ጭንቀት በምን ይለካል?

እህል በቁና ይሰፈራል። ጨርቅ በክንድ ይለካል። የልጅ ጭንቀትስ በምን ይለካል?

አንዳንድ ልጅ እጁን ታጥቦ ደግሞ ይታጠባል። ቆዳው እስኪላጥ፣ እንስራው እስኪጎድል ይታጠባል። ሌላው የበረቱን መዝጊያ ዘግቶ ይመጣል። «አልዘጋሁት ይሆን?» እያለ አሥር ጊዜ ሄዶ ያያል። የማይፈልገው ሐሳብ እየመጣ ያስጨንቀዋል። ጭንቀቱ እንዲለቀው ያንኑ ነገር ይደጋግማል። ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይለዋል፤ ሐሳቡ ግን ይመለሳል። ይህ ሕመም ነው። ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል። ቅብጠት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ዱላ አያድነውም።

ንጽሕናና ጥንቃቄ መልካም ነው። ታዲያ ልማድ ከሕመም በምን ይለያል? ሐሳቡና ድግግሞሹ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከወሰደ፣ ወይም ልጁን በጣም ካስጨነቀውና ከሥራው ካስተጓጎለው ልማድ አይደለም።

ሐኪሞች የሕመሙን ብርታት የሚለኩበት መጠይቅ አላቸው። 10 ጥያቄዎች አሉት። 5ቱ ስለ ሐሳቡ፣ 5ቱ ስለ ድግግሞሹ ናቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ቢበዛ 40 ነው። ድምሩ ከፍ ካለ ሕመሙ በርትቷል ማለት ነው።

ሕመሙ የልጁን ውሎ ምን ያህል እንዳበላሸ የሚለካ ሌላ መጠይቅም አለ። ጆን ፒያሴንቲኒ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁርና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. አሻሽለው አውጥተውታል። ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጓደኞች ይጠይቃል። ልጁ ልብሱን ለመልበስ ይቸገራል? የቤት ሥራውን መጨረስ ያቅተዋል? ከእኩዮቹ ይርቃል? መልሱ «ምንም» ከሆነ 0፣ «እጅግ በጣም» ከሆነ 3 ይሰጠዋል። ወላጅም ልጅም ይጠየቃሉ። ልጁ አፍሮ የሚደብቀውን ወላጅ ያያል፤ ወላጅ የማያየውን የልቡን ጭንቀት ልጁ ያውቃል።

ከሕክምና በኋላ እንደገና ይለካል። ያን ጊዜ ልጁ መሻሉ ይታወቃል።

ሕመሙ ሕክምና አለው። ልጁ የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ፣ ሳይደጋግም መቋቋምን በባለሙያ እርዳታ ይለማመዳል። አስፈላጊ ሲሆን ሐኪም መድኃኒት ያዛል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ልጁን አትቆጡ፤ አትሳቁበትም። ድግግሞሹ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ከምን ሥራ እንዳስቀረው አስተውሉ። ያያችሁትን ለጤና ባለሙያ ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጥያቄዎች
1. ልማድ ከሕመም በምን ይለያል?
2. ወላጅም ልጅም የሚጠየቁት ለምንድን ነው?
3. ለጤና ባለሙያ ምን ምን ትነግራላችሁ?