የትራክተርዎ ማንሻ ሲደክም፦ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ምን ይፈትሻሉ?



መሬቱ ለማረስ በሚመች ርጥበት ላይ ሳለ ትራክተሩ ማረሻውን ማንሳት ሲያቅተው የሚባክነው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም። በተለይ መረሬ አፈር የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከደረቀ ዲስኩ አይገባም፣ ከረጠበ ደግሞ ትራክተሩ ራሱ ይሰምጣል። በዚህ ጭንቀት መካከል ነጂው «ፓምፑ ሞቷል» ይላል፣ ባለቤቱም ፓምፕ ፍለጋ ከተማ ይወርዳል። አዲስ ፓምፕ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላ ግን ማንሻው እንደ ቀድሞው ደክሞ ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ከፓምፑ በፊት ባለ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዘይቱ አንሶ፣ ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ቱቦው አየር እየሳበ ወይም አንድ እጀታ ተረስቶ ወደ ታች ቀርቶ ከሆነ፣ ፓምፕ መቀየሩ ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ፍተሻው ገንዘብ ከማያስወጣው ተጀምሮ ወደሚያስወጣው፣ ሳይፈታ ከሚታየው ተጀምሮ ወደሚፈታው መሄድ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እርስዎና ነጂዎ መስክ ላይ ልትሠሩት የምትችሉት ነው።

ማንሻው የሚሠራበት መንገድ

ባለሦስት ነጥብ ማያያዣውን ከሃይድሮሊክ ጋር አዋህዶ ለትራክተር ያበቃው ሃሪ ፈርጉሰን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ ፈርጉሰን ብራውን የተባለው ትራክተሩ በ1936 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ውሏል። ዛሬ በየቀበሌው የምናያቸው ትራክተሮች ስማቸውና ቀለማቸው ቢለያይም የማንሻቸው መሠረታዊ አሠራር አንድ ነው። ፓምፑ ዘይቱን በፊልትሮ በኩል ይስባል፣ በመቆጣጠሪያ ቫልቭ አሳልፎ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ሲገፋ የማንሻው ክንዶች ይነሳሉ። ጭነቱ ከመጠን በላይ ሲሆን ደግሞ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሳል።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ፓምፑ የት እንዳለና ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ላይ ነው። እንደ ማሴ ፈርጉሰን 135 እና 165 ባሉት ፓምፑ ከመቀመጫው በታች ባለው ቤት ውስጥ በዘይት ተውጦ ይቀመጣል፤ የሚዞረውም በፒቲኦ መስመር ነው። ድርብ ፍሪሲዮን ያላቸው ከሆኑ ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ማንሻውም አብሮ ይቆማል። ፍሪሲዮን ረግጦ «አላነሳም አለኝ» የሚል ነጂ ካለዎት ችግሩ እግሩ ላይ ነው። በአንጻሩ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ለሃይድሮሊኩ የራሱ የተለየ የዘይት ታንከር አለው፤ ፓምፑም የሚገናኝበትና የሚላቀቅበት እጀታ ስላለው ሳይገናኝ ከቀረ ማንሻው ጨርሶ አይንቀሳቀስም።

ከመጀመርዎ በፊት

በተነሳ ማረሻ ሥር ማንም አይግባ። የደከመ ማንሻ ማለት መቼ እንደሚለቅ የማይታወቅ ማንሻ ማለት ነው። ባለሦስት ዲስክ ማረሻ ከ350 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲወድቅም ቀስ ብሎ አይወድቅም። ከሥሩ የሚሠራ ነገር ካለ ማረሻውን መሬት ላይ ያውርዱት። ማውረድ ካልተቻለ በወፍራም ግንድ ወይም በብረት መቆሚያ ይደግፉት። ክሪክ ብቻውን መደገፊያ አይደለም። ልጆችን ከአካባቢው ያርቁ፤ ነጂው ከመቀመጫው ሲወርድ ማረሻውን አውርዶ ሞተር አጥፍቶ ይውረድ።

ሁለተኛው አደጋ ዘይቱ ራሱ ነው። በብዙዎቹ ትራክተሮች የሃይድሮሊኩ ከፍተኛ ግፊት ከ150 እስከ 200 ባር ይደርሳል። ይህ ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ገደማ የሚያርፍ ኃይል ነው። ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ስለዚህ የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም፤ ካርቶን አስጠግተው ዘይቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ይመልከቱ። ዘይት ቆዳ በስቶ የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልና ባያምም እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት። እስከ ነገ ማሳደር ጣትን ወይም እጅን ሊያሳጣ ይችላል።

አላነሳም ነው ወይስ አልያዘም?

መጀመሪያ ነጂዎን ይህን ጥያቄ ይጠይቁት። ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ማንሳት ያቃተው ማንሻ ዘይት አይደርሰውም፣ ወይም የሚደርሰው ዘይት በቂ ግፊት የለውም። አንስቶ መያዝ ያቃተው ደግሞ የደረሰው ዘይት ከሲሊንደሩ ወይም ከቫልቩ እያመለጠበት ነው። ለሁለተኛው ፓምፕ ቢቀይሩለት አይድንም።

መልሱን በሙከራ ያረጋግጡ። ዘይቱ ከሥራ ሞቅ ካለ በኋላ ማረሻውን ሙሉ በሙሉ ያንሱ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ ከጎን ሆነው ይለኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ጥቂት ዝቅ ቢል የሚያስደነግጥ አይደለም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሬት ከደረሰ ግን የፒስተኑ የጎማ ቀለበት፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ወይም የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ዘይት እያሳለፈ ነው። ሞተሩ እየሠራም ምልክት አለው፦ ማረሻው ተነስቶ ቆሞ ሳለ ጥቂት ወርዶ ራሱ መልሶ ከፍ ይላል፣ እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ከፍ ይላል። የሚያመልጠውን ዘይት ፓምፑ እየተካ ነው ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ፓምፕ ደህና ሊሆን ስለሚችል ለመቀየር አይቸኩሉ።

ሳይፈታ የሚታየው

አሁን «አላነሳም» ወደሚለው እንመለስ። ከእጀታዎቹ ይጀምሩ። አብዛኞቹ ትራክተሮች ሁለት እጀታ አላቸው፤ አንዱ የማረሻውን ከፍታ፣ ሌላው አፈሩ የሚጎትተውን ኃይል ይቆጣጠራል። በከፍታ መቆጣጠሪያው ለማንሳት ሲፈለግ የጉተታው እጀታ ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ታች ተረስቶ ከቀረ ክንዶቹ በግማሽ ይቀራሉ ወይም አይነሱም። ተሳቢ የሚያራግፍ ትራክተር ከሆነ ዘይቱን ወደ ውጭ መስመር የሚያዞረው እጀታ ወደ ቦታው መመለሱን ይመልከቱ። ትናንት አሸዋ ሲያራግፍ ውሎ ዛሬ ወደ እርሻ የገባ ትራክተር ላይ ይህ ስህተት ቢገኝ አይገርምም።

ከዚያ ጭነቱን ይመዝኑ። ትራክተሩ «1,500 ኪሎ ያነሳል» የሚል ጽሑፍ ካለው ልኩ የተወሰደው የታችኛው ክንድ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ጭነቱ ከክንዱ ጫፍ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ማንሻው የሚችለው ይቀንሳል። ረጅም ማረሻ ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ከአጭሩ ይልቅ ይከብደዋል። ዲስኩ ላይ የተጣበቀ መረሬም ቀላል ክብደት አይደለምና ይጠርጉት። ማረሻው ተነስቶ የፊት ጎማዎች ከመሬት የሚላቀቁ ከሆነ ሃይድሮሊኩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የፊት ክብደት ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ማረሻውን ፈትተው ባዶውን ክንድ ያንሱ። ባዶውን በፍጥነት አንስቶ በጭነት የሚያቅተው ከሆነ ግፊት ይጎድለዋል። ባዶውንም በዝግታ ወይም እየዘለለ የሚያነሳ ከሆነ ዘይት አይደርሰውም፤ ይህ ወደ ዘይቱና ወደ ፊልትሮው ያመራናል።

ዘይቱ

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ ከሁሉም ክፍሎች ይልቅ ቸል የሚባለው ዘይቱ ነውና። ልኩን የሚያዩት ትራክተሩ ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክንዶቹ ወርደው ነው። ክንዱ ተነስቶ ከታየ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ስለማይቆጠር ልኩ ያሳስታል። ተሳቢ በሃይድሮሊክ የሚያራግፉ ከሆነም ወደ ተሳቢው ሲሊንደር ሄዶ ያልተመለሰ ዘይት ከትራክተሩ ላይ የጎደለ መሆኑን ያስታውሱ።

ከልኩ በኋላ መልኩን ይዩ። ጥቂት ዘይት በንጹሕ ብርጭቆ ወይም በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ቀድተው ያሳድሩት። አረፋው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ዘይቱ ከጠራ የገባው አየር ነው። ወተት መስሎ የሚያድር ወይም ከሥሩ ውኃ የሚለይ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ለማረጋገጥ አንድ ጠብታ በጋለ ቁራጭ ብረት ላይ ያንጠባጥቡ፤ ውኃ ካለው ይንጣጣል። (ለዚህ የወይዘሮዋን ምጣድ እንዳይነኩ።) ውኃ የሚገባው ትራክተሩ ሜዳ ላይ ሲዘንብበት ሲያድር፣ በተቀደደ የማርሽ ዘንግ ጎማ በኩል፣ ወይም ውኃ በያዘ ጀሪካን ዘይት ሲቀዳ ነው። ውኃ የገባበት ዘይት ፓምፑን ስለሚበላው ሙሉ በሙሉ ተፈስሶ መቀየር አለበት። አዲስ እየጨመሩ ማቅጠን አይበቃም።

የዘይቱ ዓይነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በብዙ ትራክተሮች ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ በአንዳንዶቹ ፍሬኑም በዚያው ዘይት ውስጥ ነው ያለው። እንዲህ ባለው ላይ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የተገኘውን የካምቢዮ ዘይት መሙላት ማንሻውንም ፍሬኑንም ይጎዳል። ወፍራም ዘይት ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው የጠዋት ብርድ ፊልትሮውን ማለፍ ያቅተውና ማንሻው እስከ ረፋድ ይተኛል። የሚሞላው ዘይት ስም በትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ ከጠፋ የወረዳዎን የሜካናይዜሽን ባለሙያ ወይም የአስመጪውን ወኪል ይጠይቁ።

ፊልትሮውና አየር የሚስበው ቦታ

ዘይቱ ደህና ሆኖ ፓምፑ በሚያነሳበት ጊዜ የሚያፏጭ ወይም የሚያንገጫግጭ ድምፅ ካሰማ ዘይት እንደ ልቡ እየሳበ አይደለም። ፊልትሮውን ያውጡ። የሽቦ ወንፊት ከሆነ በንጹሕ ናፍጣ አጥበው መልሰው መጠቀም ይችላሉ። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል። «ለጊዜው» ብሎ ያለ ፊልትሮ መሥራት በፍጹም አይገባም።

የወጣውን ፊልትሮ ከመጣልዎ በፊት ቆሻሻውን በማግኔት ይሞክሩት። ማግኔት የሚስበው የብረት ብናኝ ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ነው። ማግኔት የማይስበው፣ ወርቅማ ወይም ብርማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ብዙ ከሆነ ፓምፑ ራሱ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ጥቁር የጎማ ቁርጥራጭ ከተገኘ አንድ ቦታ ላይ የጎማ ቀለበት ተበጣጥሷል። ይህን ናሙና በወረቀት ጠቅልለው ለመካኒኩ ያቆዩለት።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ዘይቱ ግን አረፋ የሚያወጣ ከሆነ በመሳቢያው በኩል አየር እየገባ ነው። ይህ ቦታ ሞተሩ ሲሠራ ዘይት ወደ ውጭ ስለማያፈስ በዓይን አይያዝም። የመሳቢያ ቱቦው ከትራክተሩ ውጭ ባለበት ዓይነት ላይ ከሚዞሩና ከጋሉ ክፍሎች እጅዎን አርቀው መገጣጠሚያዎቹንና የቱቦ ማሰሪያዎቹን (ፋሼታዎቹን) አንድ በአንድ ግሪስ ይቀቡ። አንዱን ሲቀቡ የፓምፑ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ማሰሪያውን ያጥብቁ ወይም የጎማ ቀለበቱን ይቀይሩ።

ዘይት ወይም ፊልትሮ ከቀየሩ በኋላ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነስተው ባዶውን ክንድ አምስት ስድስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። አየሩ ሲወጣ ልኩ ስለሚቀንስ ክንዱን አውርደው እንደገና ይለኩ።

ሞቆ ሲደክም

እስከዚህ ተፈትሾ ያልተሻለው ማንሻ ጠዋት በደንብ አንስቶ ከአንድ ሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ የሚደክም ከሆነ፣ ወይም በዝቅተኛ ዙር አቅቶት ጋዝ ሲሰጠው የሚያነሳ ከሆነ፣ ውስጣዊ መበላት አለ ማለት ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን በተበላ ክፍተት በቀላሉ ያመልጣል። አሁን ፓምፑን መጠርጠር ይቻላል፤ ነገር ግን ልክ ያልሆነ ቀጭን ዘይትም ይህንኑ ምልክት ስለሚያሳይ ከላይ ያለው ሳይታለፍ መምጣትዎን ያረጋግጡ።

የመጨረሻው ፍርድ የግፊት መለኪያ ጌጅ ነው። የውጭ መስመር ባለው ትራክተር ላይ ጌጁ በዚያ መስመር ይገጠምና ንባቡ ከመመሪያው ጋር ይነጻጸራል። ጌጅ የሌለው መካኒክ «ፓምፕ ግዛ» ቢልዎት ጌጅ ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። የጌጁ ኪራይም ሆነ የመንገዱ ወጪ ከፓምፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ግፊቱ አንሶ ቢገኝ እንኳ የማስተንፈሻው ቫልቭ በቆሻሻ ተከፍቶ መቅረቱ ወይም ስፕሪንጉ መድከሙ ከፓምፑ በፊት መታየት አለበት። አንዳንዶች በዚህ ስፕሪንግ ሥር ሮንዴላ ጨምረው ግፊቱን ከልክ በላይ ያስነሳሉ። ማንሻው ለጥቂት ቀን ይበረታል፣ ቀጥሎ ቱቦው ይፈነዳል ወይም የፓምፑ ቤት ይሰነጠቃል። ይህን ማንም እንዲያደርግልዎ አይፍቀዱ።

መካኒኩን ሲጠሩ በስልክ የሚነግሩት እነዚህን ነው፦ የትራክተሩን ዓይነትና ሞዴል፣ አላነሳም ወይስ አልያዘም የሚለውን፣ በብርድ ነው በሙቀት የሚብሰው፣ ባዶውን ክንድ ያነሳ እንደሆነ፣ ዘይቱ መቼና በምን እንደተቀየረ፣ ፊልትሮው ውስጥ ምን እንደተገኘ። ይህን ከሰማ ምን ዓይነት የጎማ ቀለበት፣ የትኛውን ጓርኒሲዮንና ጌጅ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።