አስታማሚዪቱ ልዕልት ፀሐይ

ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ሰው ሲታመም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ማን ነው? በብዙ ቤት የሚጠሩት አያት ናቸው። አያት የበሽተኛውን ግንባር በእጃቸው ዳስሰው ትኵሳቱን ያውቃሉ። አጥሚት ያፈላሉ። ሌሊት መብራት አብርተው ከራስጌው ይቀመጣሉ፤ ውሃ ሲለምን ያጠጡታል፤ ላብ ያራሰውን ልብስ ይለውጡለታል። ለዚህ ሥራ ደመወዝ አይቀበሉም። ከእናታቸው ተማሩት፤ እናታቸውም ከአያታቸው ተምረውት ነበር። ይህ ሥራ ማስታመም ይባላል፤ ሠሪውም አስታማሚ ይባላል። በሐኪም ቤት ተምሮ የሚያስታምመውን ደግሞ ዛሬ ነርስ እንለዋለን።

አሁን የምታነቡት ይህን ሥራ ስለ ተማሩ አንዲት የንጉሥ ልጅ ነው።

ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። የንጉሥ ልጅ ሲታመም የሚያስታምመው አያጣም፤ ሌላውን እንዲያስታምም ግን ማንም አይጠብቀውም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ልዕልት ፀሐይ ገና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ከእናታቸውና ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ለቍስለኞች የሚሆን ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው ወደ ስደት ወጡ፤ በእንግሊዝ አገርም ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ።

ስደተኛ ሰው ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ያለፈውን ሲያስብ ይኖራል። ልዕልት ፀሐይ ግን ወደ ሎንዶን ሄደው የአስታማሚነት ትምህርት ጀመሩ። የገቡበት ቤት ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ነው። ይህ ቤት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1852 ሲከፈት ዐሥር አልጋዎች ብቻ ነበሩት፤ ኋላ ግን ስሙ በዓለም የታወቀ ሆነ።

በዚያ ዘመን የአስታማሚነት ተማሪ ሥራ ምን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። ማለዳ ተነሥታ አልጋ ታነጥፋለች። የሕፃናቱን ገላ ታጥባለች፤ የሽንታቸውን ዕቃ ትደፋለች፤ ያስመለሳቸውን ትጠርጋለች። የሐኪሙን መሣሪያ በፈላ ውሃ ትቀቅላለች። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ከመሄድዋ በፊት እጅዋን በሳሙና ትታጠባለች፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ አስቡት! በአገራችን ይህን የመሰለውን ሥራ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ። ይህ ሰው ራሱ በታመመ ቀን ሐሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም።

የአያትንና የነርስን ሥራ አስተያይታችሁ እዩ። ፍቅራቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ አሠራራቸው ግን ይለያል። አያት ትኵሳትን በእጅ መዳፍ ያውቃሉ። ነርስ ግን የሙቀት መለኪያ ታደርግና ቍጥሩን ታነባለች፤ የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነውና ምን ያህል እንዳለፈ ታውቃለች። የልብን ምትና እስትንፋስን በሰዓት ትቈጥራለች። ከዚህም በኋላ ሁሉን በወረቀት ላይ ትጽፋለች። መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? እርስዋ ደክማ ስትተኛ የሌሊቱ ተረኛ ትመጣለችና ነው። ያችኛይቱ ወረቀቱን አይታ «ሕፃኑ ቀን ከነበረበት ብሶበታል» ወይም «ተሽሎታል» ለማለት ትችላለች። በቤት ግን አያት ሲደክማቸው ያዩት ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ይተኛል። እጅን በሳሙና መታጠብም እንዲሁ ነው፤ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ በሚወድደው ሰው እጅ ነውና።

ልዕልቲቱ ሲማሩ ፔኒሲሊን የሚባለው መድኃኒት ገና ወደ ሐኪም ቤት አልገባም ነበር። ስለዚህ ሳንባው የታመመ ሕፃን ድኖ ቢነሣ ከትጉህ አስታማሚው የተነሣ የዳነበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀና አድርጎ ማስደገፍ፥ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት፥ እስትንፋሱን መጠበቅ፥ እንቅልፍን መተው፤ መድኃኒቱ ይህ ነበረ።

በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው የነርስነት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ቀጥሎም ጋይስ በሚባለው የሎንዶን ሐኪም ቤት አገለገሉ። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ የጀርመን አውሮፕላኖች ያችን ከተማ ሌሊት ሌሊት በቦምብ ይመቱ ነበር። የገዛ አገራቸው ሕዝብ በቦምብና በመርዝ ጢስ ሲያልቅ ያዩ ልጅ፥ አሁን ደግሞ በባዕድ አገር የባዕድ ሕዝብ አስታማሚ ሆኑ።

በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአገሩ የተማረ ነርስ እጅግ ጥቂት ነበረ። የሚሠራው ሥራ ግን ተራራ የሚያህል ነበረ። ከዚህ በኋላ ልጅ አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ።

ዕድሜአቸው ግን አጭር ሆነ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከተማ፥ በእርግዝናቸው ጊዜ ባገኛቸው ሕመም ሞቱ። ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ሕመም የድኻውንም የባለጠጋውንም ሚስት ሳይለይ ይወስድ ነበር፤ ደም መስጠትና ቀዶ ማከም ከጥቂት ቦታ በቀር በአገሩ አይገኝምና። የሌላውን ልጅ በማስታመም የደከሙት ልዕልት የራሳቸውን ልጅ ሳያቅፉ ቀሩ። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ዐረፈ።

ከሞታቸው በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስማቸው ሐኪም ቤት እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። ቤቱም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተባለ። በዚያ በሽተኛ መታከም ብቻ ሳይሆን የአገራችን ልጆች ነርስነትን ይማሩበት ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኖአል። ቤቱ ዛሬም አለ። መጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደዚያ የመጡ ሕፃናት አሁን አርጅተዋል፤ በየቤታቸውም የልጅ ልጅ ሲታመም ግንባሩን የሚዳስሱ አያቶች ሆነዋል።