የድድ ሕመምና የስኳር ሕመምተኛ ዓይን

የስኳር ሕመም ረቂቃን የደም ሥሮችን ይጎዳል። በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ሬቲና ሲጎዳ በመጀመሪያ ሕመምም ብዥታም ስለማይኖረው፣ ብዙዎች የሚነቁት ዘግይተው ነው፤ የጠፋው ብርሃንም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ድድ ግን ምልክቱን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ያበጠና የሚደማ ድድ ሰውነት ኢንሱሊንን በሚገባ እንዳይጠቀም ያውካል፤ በዚህም የደም ስኳር ይጨምራል፤ የጨመረውም ስኳር ተመልሶ ድድን ያብሳል። ጽኑ የድድ ሕመም ባለባቸው የስኳር ሕመምተኞች ዘንድ የዓይን ጉዳት በብዛት መታየቱን ጥናቶች ያመለክታሉ። አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑ ገና ባይረጋገጥም፣ ድድን ማከም የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ታውቋል።

ስለዚህ የጎብዬና የአካባቢው ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ከቅዳሴ በኋላ እንዲህ ብላችሁ አስተምሩ፦

1. የስኳር ሕመምተኛ ደኅና የሚያይ ቢመስለውም ዓይኑን በየዓመቱ ይመርመር።
2. ጥርሱን በቀን 2 ጊዜ ያጽዳ፤ መፋቂያም ቢጠቀም ድዱን አያቁስል። ድዱ ከደማ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የዓይን ምርመራውንም ያስታውስ።
3. በጾም ወራት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር።

ለሕክምና ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ መሄጃ ለሚያጣ ነዳይ፣ የሰንበቴ ማኅበር የመሳፈሪያ ቢሸፍንለት ታላቅ ምጽዋት ነው።