የወገብ ቅጭትና የጆንያ ልክ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ጡንቻ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ጥር አቃቂ የሚኖሩት አጎቴ አንድ ኩንታል ጤፍ ከካሚዮን ሲያወርዱ ወገባቸውን ቅጭት አደረጋቸውና እንደ ጎበጡ ቀሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ወገባቸው ተሰበረ» ብሎ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አላስነሣቸውም። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ሁለት ሳምንት ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተው ገምቱት። እኔም የሕክምና ተማሪዎችን ስጨቀጭቅ ሰነበትሁ።

በወገባችን አምስት ትልልቅ የአከርካሪ አጥንቶች አሉ። አጥንቱን ከአጥንት ጅማት ያያይዘዋል፤ ግራና ቀኙን ደግሞ ረጃጅም ጡንቻዎች ደግፈው ይይዙታል። ከአቅም በላይ ሲሳብ የጡንቻው ክር ሊበጠስ ይችላል፤ ወይም አጥንቶቹን ያያያዘው ጅማት ይለጠጣል፤ ይኸኛው በኳስ ሜዳ ቁርጭምጭሚታችንን የሚያገኘን ወለምታ ዓይነት ነው። በወገብ ላይ ሁለቱን መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ደግነቱ እንክብካቤያቸው አንድ ነው። በጉዳቱ ዙሪያ ያለው ጡንቻም ተኮማትሮ ይደርቃል። አጎቴን ያጎበጣቸው ይኸው እንጂ ስብራት አልነበረም።

ለመጀመሪያው ሁለት ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር፥ ከዚያ በኋላ ሙቅ ነገር ሕመሙን ያስታግሣል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ግን ጡንቻውን ያደክመዋልና ቀስ እያሉ መራመድ ይሻላል፤ አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ይድናል። ወጌሻ በቅቤ ቀለል አድርጎ ቢያሽ አልቃወምም፤ ረግጦ መጎተቱን ግን እቃወማለሁ። እግር ከሰነፈ፥ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ፥ ሽንት ካመለጠ ወይም እንቢ ካለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ትኩሳት የተጨመረበትን ወይም ከከፍታ የወደቀውንም ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ሸክሙ እንመለስ። የወገብ ጡንቻ ከአከርካሪው መካከል የሚርቀው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዕቃውን ከወገባችን ግማሽ ሜትር አርቀን ብንይዘው፥ ጡንቻው የዕቃውን ዐሥር እጥፍ መሳብ ግድ ይሆንበታል፤ 10 ኪሎው በጡንቻው ላይ 100 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ጉልበትህን አጥፈህ፥ ዕቃውን ወደ ደረትህ አስጠግተህ፥ ወገብህን ሳታዞር አንሣ» ይባላል።

ምክሩ መልካም ነው፤ ኩንታል ግን ሲነሣ ጀምሮ 100 ኪሎ ነው! ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ አንድ ጎልማሳ ወንድ በጉልበቱ እንዲያጓጉዝ የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በቶሎ ወደዚያ ልክ እንዲወርድ አሳስቦ ነበር። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይታሸጋል። ጤፉን በሁለት ጆንያ መክፈል ማንን ይጎዳል?

ይህንኑ ለአጎቴ አጫወትኋቸው። ወደ ሸክማቸው ተመልሰዋል። «አንተ ልጅ፥ ግማሽ ኩንታል ስሸከም የሚከፍሉኝ ግማሹን ነው» አሉኝ።